በናሙና ፕሮጀክት ውስጥ ስለሚገባ መምሪያ
(ከአንድ የዘመሮ ተማሪ ጥቅም አንጻር የቀረበ ሒስ)

የኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርት ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ለብዙዎች መድረስ እንዳለበት ዛሬ የሚከራከር የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ዕቅድ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ስንት ሰው ይማር ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ፥ መምህር በአጠገቡ የሌለው ተማሪ በምን ዘዴ ይማር የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዘዴዎቹ አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም በናሙና ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ፥ በመሥሪያው መስኮት ላይ እየተገለጠ፥ ተማሪውን ደረጃ በደረጃ የሚመራው መምሪያ ነው። መለኪያችንም የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በዘመሮ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ለእርሱ የማይረዳ ዘዴ ለብዙው የአገራችን ተማሪ አይረዳምና።

ለምርመራችን የዩኒቲን መምሪያ መርጠናል። ዩኒቲ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥሪያ ሲሆን፥ ለጀማሪዎች ማይክሮጌም የተባሉ ትንንሽ ናሙና ጨዋታዎችን አውጥቷል፤ ከእነርሱ አንዱ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ተማሪው ናሙናውን ሲከፍት መምሪያው በመስኮቱ ጎን ይገለጥለታል። ጨዋታውን እንዲያስነሣ፥ የመኪናውን ፍጥነት እንዲለውጥ ያዝዘዋል፤ ሊነካው የሚገባውን ስፍራ ብቻ ገልጦ ሌላውን ይጋርዳል፤ የታዘዘው እስኪፈጸምም ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈውም።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንናገር። መጽሐፍ የሚያነብ ወይም ቪዲዮ የሚያይ ጀማሪ ዐይኑን በየጊዜው ከሥራው ያነሣል፤ ቪዲዮውም ያሳያል እንጂ ተማሪውን አይጠብቅም። መሥሪያው ሲሻሻል ደግሞ በመጽሐፉ ሥዕል ያለው መስኮትና በፊቱ ያለው መስኮት ይለያዩበታል። በናሙናው ውስጥ ያለ መምሪያ ግን ከናሙናው ጋር አብሮ የሚኖር ስለ ሆነ ይህ ችግር ይቀልለታል። ለዘመሮ ተማሪ ሌላም ጥቅም አለው። መሥሪያውን ለማውረድና ፈቃዱን ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ የሚወርደውም ብዙ ጊጋባይት ነው። ሁሉም አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ግን መምሪያው እንደ ቪዲዮ በየቀኑ የኢንተርኔት ገንዘብ አያስወጣም።

ይህን ካመሰገንን ዘንድ ጕድለቱንም መናገር ይገባናል። ጕድለቱ ሦስት ነው።

አንደኛው፥ መምሪያው የሚመለከተው እጅን እንጂ አሳብን አለመሆኑ ነው። ይህን መምሪያ ለማዘጋጀት ከሚያገለግሉት መመዘኛዎች አንዱ፥ አንድ ዋጋ ከቀድሞው መለወጡን ብቻ ሊመለከት ይችላል። በእንዲህ ያለ መመዘኛ ፍጥነቱን ከ10 ወደ 12 የለወጠና ወደ 9000 የለወጠ ተማሪ እኵል ያልፋሉ። የኋለኛው መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ቢጠፋም፥ ለምን እንደ ጠፋ የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው፥ መጋረጃው ነው። ጀማሪ በብዙ ቍልፎች መካከል እንዳይደናገር ሌላውን መጋረድ መልካም ነው የሚሉ አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች እኛም እንስማማለን። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ የሚፈልገው ነገር ተገልጦ የቀረበለት ተማሪ፥ ፈልጎ ማግኘትን አይማርም። መምሪያው ሲዘጋና መስኮቱ በሙሉ ሲገለጥ፥ የጀመረበት ስፍራ ላይ እንደ ቆመ ያገኘዋል።

ሦስተኛው፥ ቋንቋው ነው። መምሪያው እንግሊዝኛ ሲሆን የዘመሮው ተማሪ ሦስት የማያውቃቸውን ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ እነርሱም ቋንቋው፥ መሥሪያውና የናሙናው ጨዋታ ራሱ ናቸው።

በጽሑፍ ላይ መምሪያን መጨመር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የድጓ ዜማ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጕኤል እንደ ተደራጀ ይነገራል። ምልክቱ የሚጻፈው ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል ነው፤ ስለዚህ የዜማ ተማሪ ዐይኑን ከሚዘምረው ቃል አያነሣም። ከፊደል ምልክቶቹም ብዙዎቹ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ያጠናውን የዜማ ሐረግ በአጭሩ የሚያስታውሱ ናቸው። ምልክቱ አጭር ሊሆን የቻለው የሚያስታውሰው ነገር በተማሪው ልብ ስላለ ነው። መምህሩን አይተካም፤ ተማሪው የተማረውን እንዳይስት ይረዳዋል እንጂ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። የመጀመሪያው፥ መምሪያ በነገሩ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ዩኒቲ አድርጎታል። ሁለተኛው፥ መምሪያ ተማሪው በሚያውቀው ነገር ላይ መደገፍ አለበት፤ ይህ ግን ለእኛ ተማሪዎች ገና አልተደረገም። ይሁን እንጂ መንገዱ ዝግ አይደለም። ዩኒቲ መምሪያውን የሚያሳየውን ቱቶሪያል ፍሬምወርክ የተባለውን ክፍልና ማዘጋጃውን ለተጠቃሚዎች ስላቀረበ፥ አንድ መምህር የራሱን ናሙና ሠርቶ፥ ጽሑፉን በዐማርኛ ጽፎ ሊያስገባ ይችላል። ፊደላችን በመስኮቱ ላይ በትክክል መነበቡን ግን አስቀድሞ መፈተን ያስፈልገዋል።

ለናሙና የምናቀርበው ገበጣን ነው። የጕድጓዱ ቍጥርና ሕጉ በየአገሩ ቢለያይም፥ ጠጠሮቹ ከአንዱ ጕድጓድ ተነሥተው በሚቀጥሉት አንድ አንድ እየተደረጉ መዞራቸውን ያየ ልጅ የጨዋታውን አካሄድ ያውቃል። እንግዲህ መምሪያው ስለ ጨዋታው ብዙ ሳይደክም መሥሪያውን ብቻ ያስተምራል። የተማሪው ፕሮግራም ጠጠር ቢያጐድል ወይም አንድ ጕድጓድ ቢዘል፥ ስሕተቱን ከመምሪያው በፊት ተማሪው ራሱ ያየዋል። ቪም ከሚባለው ኤዲተር ጋር የሚመጣው ቪምቱቶር በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ተማሪው ሆን ተብሎ የተበላሸ መስመር ይሰጠውና ከበታቹ ካለው ትክክለኛ መስመር ጋር እያስተያየ ያርመዋል። ፈራጁ ራሱ ነው።

መመዘኛውንም ማሻሻል ይቻላል። የዩኒቲ ማዘጋጃ መምህሩ በሲ ሻርፕ ቋንቋ የራሱን መመዘኛ እንዲጽፍ ይፈቅድለታል። ስለዚህ አንድ ዋጋ መለወጡን ብቻ ከመመልከት ይልቅ፥ ከአንድ ዙር በኋላ የጠጠሮቹ ድምር እንዳልጐደለ የሚፈትን መመዘኛ ሊጻፍ ይቻላል። መጋረጃውም በመጀመሪያው ትምህርት ሙሉ፥ በሁለተኛው ግማሽ ሆኖ፥ በሦስተኛው ሊነሣ ይገባዋል። በመጨረሻው ገጽ ትእዛዝ ሳይሆን ሥራ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ አንድ ጕድጓድ ጨምር ብሎ፥ በየት በኩል እንደሚጨመር ሳይናገር ይተወው።

በጠቅላላው ስንፈርድ፥ ዘዴው መልካም ነው፤ መምህር በጎደለበት ስፍራም ከመጽሐፍና ከቪዲዮ ይበልጣል ብለን እናምናለን። ዋጋው የሚታወቀው ግን ተማሪው ስንት ገጽ በማለፉ ሳይሆን መምሪያው ከተዘጋ በኋላ በሚሠራው ነው። የዘመሮው ተማሪ ናሙናውን በጨረሰ ማግስት ባዶ ፕሮጀክት ከፍቶ፥ ማንም ሳያዝዘው አንድ ጠጠር ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ማዘዋወር ከቻለ መምሪያው ሥራውን ሠርቷል። ካልቻለ ግን ተማሪውን ከመውቀስ በፊት መምሪያውን ማረም ይገባል። የኮምፒውተር ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ለመመረቂያ ከምንሠራቸው ፕሮጀክቶች መካከል አንዱን እንዲህ ላለው የዐማርኛ ናሙና ብናውለው፥ ከወረቀት አልፎ ለሌላ ተማሪ የሚተርፍ ሥራ ይሆናል።