ጋላቢ የሌለው ፈረስ፦ የውኃ ምህንድስናና የአደባባይ ሐውልት ከጎጃም ሲታዩ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ሉማሜ ሲደርስ ከአገሪቱ ታላላቅ የምህንድስና ሥራዎች አንዱን ካለፈ ብዙም አልቆየም። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ከዓባይ ሸለቆ ግርጌ ደግሞ ሽቅብ እስከ ደጀን ይወጣል። ከዚያ የአዋበል የጤፍ ማሳ ይዘረጋል፤ የሸለቆው ድልድይም ከወሬ ይወጣል። በሸለቆው ከአሮጌው ድልድይ ጎን የቆመው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ካጂማ በተባለ ኩባንያ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል። ከአጫጭር ማማዎቹ የሚወርዱት ገመዶች ሸክሙን ከወለሉ ጋር ይካፈላሉ። መንገደኛው ይህን ሁሉ የሚያልፈው በመኪና መስኮት እያየ ነው፤ ጉዞው ወደ ሌላ ቦታ ነውና።

ጎጃም የሚጎበኝ የድልድይና የቦይ ሥራ አላጣም። ያጣው እነዚህን ሥራዎች ከሠራቸውና ካንቀሳቀሳቸው ጉልበት ጋር አገናኝቶ የሚያሳይ የአደባባይ ጥበብ ነው። ይህን ክርክር ለማቅረብ በስኮትላንድ ፎልከርክ ከተማ አካባቢ ያሉ ሁለት ሥራዎች ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቀው የፎልከርክ መንኮራኩር ነው። የሚያገናኛቸው ሁለት ቦዮች በከፍታ ይለያያሉ። ቀድሞ ጀልባ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በ11 ተከታታይ የውኃ በሮች ነበር፤ እነሱም እ.ኤ.አ. በ1933 ፈረሱ። ቦዮቹም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተዘጉ። ዛሬ 35 ሜትር ቁመት ያለው መንኮራኩር ጀልባውን ከነውኃው አንሥቶ 24 ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ የሚፈጀው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ተንሳፋፊ ነገር የራሱን ክብደት ያህል ውኃ ስለሚገፋ፣ ጀልባ የያዘው ገንዳና ውኃ ብቻ የያዘው ገንዳ እኩል ይመዝናሉ። አርኪሜዲስ የደረሰበትን ሕግ ሕፃን ሳይቀር ቆሞ ያየዋል። የመንኮራኩሩ ትልቅ ዋጋም እዚህ ላይ ነው፤ አሠራሩን አይደብቅም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 የተጠናቀቀው የአንዲ ስኮት ሥራ ኬልፒስ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 30 ሜትር ቁመትና 300 ቶን ክብደት ያላቸው ሁለት የፈረስ ራሶች ናቸው። መታሰቢያነታቸው ጀልባና ጋሪ ለጎተቱ የጭነት ፈረሶች ነው። የንጉሥ ሳይሆን የጎታች ሐውልት መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ነቀፌታ ማንሣት ግድ ይላል፤ ቀራፂው ያሳየን ራስና አንገት ብቻ ነው። ጎታች ፈረስ ሸክሙን የሚጎትተው በደረቱና በትከሻው ነው፤ የመጎተቻ ማነቆው የሚያርፈውም እዚያ ነው። ሐውልቱ ፈረሱን ሲያከብር ሥራውን የሠራበትን አካል አስቀርቶታል። የሚያብረቀርቀው ብረት ከሩቅ ያስደንቃል፤ ድካሙን ግን አይናገርም።

ወደ እኛ ስንመለስ ፈረስና ሐውልት የቆየ ዝምድና አላቸው። በአዲስ አበባ አራዳ ላይ ያለው፣ ጀርመናዊው ሃርትል ሽፔንግለር የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ፈረሱን በኋላ እግሮቹ አቁሞታል። ፈረሱ ግርማ የሚያገኘው ከተቀመጠበት ንጉሥ ነው። በባህላችን ግን ነገሩ በተቃራኒውም ይሄዳል፤ ንጉሡ በፈረሱ ይጠራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ናቸው። የአዊ አገው ፈረሰኞች ማኅበር ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ሲሰበሰብ በዓድዋ የዋሉትን ፈረሶችም ያስባል። ብረትና ኮንክሪት ሳይፈልግ በሕይወት የሚቆይ ሐውልት ማለት ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ከኬልፒስ የሚበልጥበትም ጎን አለው፤ ፈረሱን በሙሉ አካሉ፣ እየሮጠ ያሳየናልና። ይሁንና የሚታሰበው የጦር ፈረስ ነው። በጎጃም ደጋ ከተሞች ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ እስከ ዛሬ በዓልም ሐውልትም የለውም።

ወደ ቦዩ እንሻገር። ድልድይን፣ ቦይንና የውኃን ትርኢት በአንድ የእግር ጉዞ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይሂድ። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተገነባውን የአላታ የድንጋይ ድልድይ ያቋርጣል። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ውኃው ተጠልፎ በቦይ ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄድና ከታች ከወንዙ ይቀላቀላል። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ። በተለይ ሁለተኛው ከመጣ በኋላ ፏፏቴው በብዙ ወራት ቀጭን ሆኗል፤ ጎብኚም ቦዩን እንደ ሌባ ያየዋል። ቅሬታው እውነት አለው፤ ጢሱን የወሰደው ቦዩ ነው። ግን ያው ቦይ በብዙ ቤት መብራት አብርቷል። ይህን ግጭት በቦታው ላይ በግልጽ ማሳየት ማመንጫውን አጥሮ ፏፏቴውን ብቻ ከማስጎብኘት የበለጠ ሐቀኛ ነው።

በሜጫ ያለው የቆጋ መስኖም ሌላው ምሳሌ ነው። 7000 ሔክታር ገደማ እንዲያጠጣ የታቀደው ይህ ሥርዓት ውኃን ሌት ተቀን በዋናው ቦይ ያፈሳል። ገበሬ በሌሊት ስለማያጠጣ የሌሊቱ ውኃ በማጠራቀሚያ ኩሬ ቆይቶ በማለዳ ይለቀቃል። ብልሃቱ እንደ ፎልከርኩ መንኮራኩር ለዓይን የሚገለጥ ነው፤ የሚያስረዳው ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለዚህም ከውኃ አባት የተሻለ ሰው የለም። በአማራ ገበሬዎች ባህላዊ መስኖ ተራ የሚያወጣው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ ቦይ ለማስጠረግ ሰው የሚጠራው እሱ ነው።

ጎታቹን ግን የምናገኘው ከሞጣ በታች፣ በዓባይ ላይ ባለው ሰባራ ድልድይ ነው። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገር ቅስቱ ፈረሰ። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት የጎጃምና የደቡብ ጎንደር ሰው የተሻገረው በገመድ ነበር። በሁለቱም ጫፍ የቆሙ ወንዶች ገመዱን ወጥረው ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከጥልቁ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። እህልም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ዜናው ሁሉ ስለ ጠጋኞቹ ሆነ። በደረታቸውና በክንዳቸው ድልድይ የነበሩት ሰዎች የታወቁት በአንድ የመጽሔት ፎቶግራፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በጎጃም የጎታች ሐውልት ይቁም ከተባለ ርእሱ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ቁመቱ 30 ሜትር መሆን አያስፈልገውም፤ የሰው ልክ ሆኖ፣ ተጎትቶ የተወጠረ ጀርባና ወደኋላ ያዘነበለ ሰውነት ቢያሳይ ይበቃል። ከቀራፂው በፊት ግን ጠያቂው ይቅደም። ገመዱን በዓይናቸው ያዩት፣ የያዙትም ሰዎች ብዙዎቹ በሞጣና በአንዳቤት ዛሬም እንዳሉ መገመት አያዳግትም። ገመዱ ከምን ይገመድ ነበር? ተራ በማን ይወጣ ነበር? ክፍያው ገንዘብ ነበር ወይስ እህል? በክረምት ውኃው ሲሞላ ማን እምቢ ይል ነበር? የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የባህል ተመራማሪዎች የቃል ምስክርነቱን ከባሕር ዳር የውኃ መሐንዲሶች ጋር ሆነው አሁኑኑ መሰብሰብ አለባቸው።