ቢላዋው በማን እጅ? የእርድ ሕግና ጉርብትና በምዕራብ ደቡብ ወሎ

ኮሸር የሚጠብቅ አይሁዳዊ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ኑሮ ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈተነው በግብዣ ነው። ሥጋው እንደ ሕጉ መታረድ አለበት፤ ሥጋና ወተት አይገናኙም፤ ድስቱና ሳህኑም ይለያል። ከሌላ ሰው ማዕድ መቅረብ ስለሚቸግረው፣ ሕጉ ከሰው ያርቀዋል የሚል ሐሳብ ተዘውትሯል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ የመካነ ሰላም ሰው ይህን ችግር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ገበያ ይውላሉ፤ በሐዘን ይደራረሳሉ፤ ተጋብተውም ተዋልደዋል። ሆኖም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው የእርድ ሕግ በማኅበራዊ ኑሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለመመዘን የሕጉን ጥብቅነት ማየት እንደማይበቃ ነው፤ ለልዩነቱ የሚከፍለው ማን እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ የኢትዮጵያን ክርስትና ከኦሪት ጋር የሚያስተሳስሩትን ልማዶች በሰፊው አጥንተዋል። ወሎን የመረመሩት ኤሎይ ፊኬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሥጋ በሙስሊሙና በክርስቲያኑ መካከል የድንበር ምልክት መሆኑን አሳይተዋል። ድንበሩ ግን እንደ ኮሸር በእንስሳ ዓይነት ላይ የቆመ አይደለም። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ አሳማ መብላትም ሆነ አለመብላት እንደ አይሁድ በሕግ የታሰረ እንዳልሆነ ቢያስረዱም፣ በልማድ ክርስቲያኑም አሳማ አይቀርብም። ግመልን ከመሰሉት ጥቂቶች በቀር ሁለቱም ወገኖች የሚበሏቸው እንስሳት አንድ ናቸው። በሬው እስኪታረድ ድረስ የሁለቱም ምግብ ነው። የሚለየው ቢላዋው ሲያርፍበት በሚጠራው ስም፣ «በስመ አብ» ወይም «ቢስሚላህ» በሚለው ቃል ነው።

ይህ ድንበር ሁልጊዜ በሰላም አልተጠበቀም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካካሄዱ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ ተቃወሙ። የሥጋ ልዩነት እንዲህ ባለ ዘመን የእምነት መመስከሪያ ስለሚሆን፣ ሌላው ያረደውን መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠራል። እንግዲህ ዛሬ በዚሁ አገር በሰርግና በተዝካር የምናየው ሥርዓት ከግዴለሽነት አልመጣም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ክርስቲያን ሲደግስ ሙስሊም ወዳጆቹን ቆጥሮ ከነሕይወቱ በግ፣ አቅም ካለውም ወይፈን ይሰጣቸዋል። እነሱው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ በተለየላቸው ዳስ ይበላሉ። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። እዚህ ላይ ሕጉ ሥራውን ከእንግዳው ወደ ደጋሹ ያዛውረዋል። እንግዳው «አልበላም» ብሎ ደጋሹን እንዳያሳፍር ደጋሹ ቀድሞ ያስብለታል። በጾም ቀን ደግሞ ሽሮውና ምስሩ የእርድን ጥያቄ ከመነሻው ያስቀሩታል፤ ድስቱ ሥጋ ያልነካው ከሆነ ክርስቲያኑን ከሥጋ የሚከለክለው ጾም ከሙስሊሙ ጋር አንድ ማዕድ ያስቀርበዋል።

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ታሪክ ሌላውን መንገድ ያሳያል። በጎንደርና በስሜን ገጠሮች ጥንቃቄው ከሥጋ አልፎ ገላ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ሸክላና ብረት ለክርስቲያኑ ሸጠው ሲመለሱ በውሃ ይነጻሉ፤ «አትንኩኝ» የሚባለውም ይህ ነበር። የርቀቱን ሸክም የያዙት ራሳቸው ነበሩ። ክርስቲያኑም ቡዳ እያለ ርቀቱን አጠናከረው። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ለአይሁድነታቸው ዕውቅና ቢሰጡም፣ በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ከገቡ በኋላም ጥርጣሬው ተከተላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በባርካን የወይን ጠጅ ፋብሪካ ቤተ እስራኤል ሠራተኞች ወይኑን እንዳይነኩ መደረጋቸው ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ምክንያቱ የኮሸር ምስክር ሰጪዎች በአይሁድነታቸው ላይ ያነሱት ጥርጣሬ ነበር። ጥንት ሌላው እንዳይነካቸው ይጠብቁት የነበረው ዓይነት ሕግ በተራው እነሱን አገለላቸው።

ወሎን ግን የመቻቻል ተምሳሌት አድርጎ ማወደስም ጉድለት አለበት። ሁለት እንስሳ ማረድ የሀብታም አቅም ነው። ድሃው ወይ ይበደራል፣ ወይ ጎረቤቱን ሳይጠራ ይቀራል፣ አለዚያም በጾም ምግብ ይደግሳል። የሚበዛውን ሥራ፣ ድስት መለየትንና ሁለት ወጥ መሥራትን፣ የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ድግስ ወደ ከተማ ሆቴል ሲዛወርም እንግዳውን የሚያስበው ደጋሹ ሳይሆን ምግብ አዘጋጁ ይሆናል፤ የቀድሞው የጎረቤት ግዴታ በገንዘብ የሚፈጸም አገልግሎት ይሆናል።

ከዚህ ንጽጽር አንድ መመዘኛ ይወጣል። ሸክሙ በአናሳው ላይ ሲቆለል የምግብ ሕግ ሰውን ያገልላል፤ በደጋሹና በእንግዳው ዘንድ ሲከፈል ግን ልዩነቱን ሳያጠፋ ጉርብትናን ያቆማል። የወሎ ልማድ ዋጋ ሁለቱም ተራ በተራ ደጋሽ መሆናቸው ላይ ነው፤ ተራው የማይደርሰው ድሃ ባለበት ሁሉ ግን ያ ዋጋ ያልተሟላ ነው።