የሕፃኑ የመጀመሪያ ገና

አሜሪካኖች ልጅ በተወለደ ዓመት የገና ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት የብር ጌጥ አላቸው፤ ቃጭል ወይም የበረዶ ቅንጣት፣ አንዳንዴም የሚወዛወዝ ፈረስ። የልጁ ስምና ዓመቱ ይቀረጽበታል። ጎርሃም የተባለው የብር ሥራ ድርጅት የበረዶ ቅንጣቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1970፣ ዋላስ ደግሞ ቃጭሉን ከ1971 ጀምሮ በየዓመቱ በአዲስ መልክ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ጌጡን ያየ ሰው የልጁን ዕድሜ ያውቃል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ብሩ ነው። ስተርሊንግ የሚባለው የብር ዓይነት ከመቶ 92.5 እጁ ብር ሲሆን፣ ቀሪው ብዙውን ጊዜ መዳብ ነው፤ ንጹሕ ብር ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣል። ሳጥን ውስጥ ከርሞ ሲወጣ አየር ላይ ያለው ድኝ አጥቁሮት ይገኛል። በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውሉት ፊቱ ያበራል፤ የፊደሎቹ ስርጉድ ውስጥ ያለው ጥቁር ግን ይቀራል፣ ስሙም ከአዲሱ ይልቅ ጎልቶ ይነበባል። እባካችሁ ጥቁሩን አትፈግፍጉት! በብር የተለበጠውማ አብዝተው ከፈገፈጉት ልባሱ ተልጦ ከሥሩ ያለው ብረት ይወጣል።

የእኛ ልጅ ብር የሚያገኘው በክርስትናው ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ። ድሮ አንጥረኛው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አቅልጦ የሚሠራው የአንገት መስቀል ዛፍ አያስፈልገውም፣ ከልጁ ጋር ይውላል ያድራል። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ሁለቱንም ቢይዙ ደስ ይለኛል፤ ዛፉን ብቻ እስከ ጃንዋሪ 7 አታንሱት።