ተዝካርና ያልተፈጸመው ፍርድ፦ የሙታን ጸሎት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት

ስለ ተዝካር የሚደረገውን ክርክር በጥሞና ለተከታተለ ሰው፣ ተከራካሪዎቹ ከሚለያዩበት ይልቅ የሚስማሙበት ነጥብ ጎልቶ ይታየዋል። ነቃፊው ወገን ሙት በድግስ አይድንም፣ በልቶ ለሚበተን ሕዝብ የሚወጣው ገንዘብ ለነፍስ አይደርስም ይላል። ደጋፊው ደግሞ ካህናት ሲጸልዩ፣ ነዳያን ሲበሉ የሟች ዕዳ ይቃለላል ባይ ነው። ሁለቱም ተዝካርን የሚያዩት ከወዲህ ተከፍሎ ከወዲያ የሚቆጠር ዋጋ አድርገው ነው፤ የሚለያዩት ክፍያው ይደርሳል ወይስ አይደርስም በሚለው ብቻ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ይህ የጋራ መነሻ ራሱ የተሳሳተ ነው የሚል ነው። ከመጻሕፍቱ፣ ከቅዳሴውና ከሥርዓቱ የምናገኘው ማስረጃ ሲደማመር ተዝካር የዋጋ ሥርዓት ሳይሆን የአንድነት ሥርዓት ሆኖ ይገኛል። የሚቆመውም በሞትና በመጨረሻው ፍርድ መካከል ገና ያልተዘጋ ዘመን አለ በሚለው እምነት ላይ ነው። ይህን ስል ልማዱ ወደ ዋጋ አልተንሸራተተም ማለቴ አይደለም፤ መንሸራተቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ መሠረታዊ ትምህርት በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የተጠቃለለ ሲሆን፣ ከሥላሴ ተነሥቶ በሥጋዌ፣ በጥምቀትና በቁርባን አልፎ የሚያርፈው በምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ላይ ነው። ስለዚህ የክርስቲያን የመጨረሻ ተስፋ ነፍስ ከሥጋ ተለይታ ማረፏ ሳይሆን ሁለቱ ዳግመኛ ተዋሕደው መነሣታቸው ነው። ነፍስ ስትለይ እንደ ሥራዋ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከዳግም ምጽአት በኋላ የሚጠብቁ ናቸው። ገነት የዕረፍት ቦታ ናት እንጂ ፍጻሜ አይደለችም፤ ሲኦልም ከገሃነም ጋር አንድ አይደለም። ደግሞም ሲኦል አንድ ጊዜ ተበርብሮ ያውቃል። አዳምና ልጆቹ 5500 ዘመን ተስፋውን ሲጠብቁ ከቆዩ በኋላ ክርስቶስ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ ነጻ እንዳወጣቸው የሚያስተምር ቤተ ክርስቲያን፣ ከሞት በኋላ ምሕረት የለም የሚለውን አባባል ያለ ማብራሪያ ሊቀበል አይችልም። የሙታን ጸሎት የሚቆመው በዚህ የቆይታ ዘመን ውስጥ ነው፤ ዘመኑን ካነሣነው ጸሎቱ መቆሚያ ያጣል።

ይህን የቆይታ ዘመን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ መሆኑ ይታወቃል፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1773 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ እስኪወስዳቸው ድረስ የምዕራቡ ዓለም የሚያውቀው ቁርጥራጩን ነበር። በምዕራፍ 22 ሄኖክ በምዕራብ በኩል ትልቅ የዓለት ተራራ ያያል። በተራራው ውስጥ ጥልቅ ሥፍራዎች አሉ። መልአኩ ሩፋኤል ሲያስረዳው፣ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸው እነዚህ ናቸው፤ የጻድቃኑ የውኃ ምንጭና ብርሃን አለው፣ የኃጥአኑ ግን ለብቻው ተለይቷል። ከነፍሳቱ የአንዱ ጩኸት እስከ ሰማይ ይሰማል፤ ወንድሙ ቃየን የገደለው የአቤል ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ነፍሳቱ ቢለዩም ፍርዱ ገና አልተፈጸመም። ሁለተኛው፣ ሙታን ዝም አላሉም፤ አቤል ይከሳል፣ ይማጸናልም። ይህን መጽሐፍ በቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ያስገባች ቤተ ክርስቲያን ሙታንን ጉዳያቸው እንደ ተዘጋ ሰዎች አለማየቷ አያስደንቅም።

የመጻሕፍቱ ነገር ሌላም ቁም ነገር አለው። ካቶሊኮች ለሙታን ጸሎት በዋናነት የሚጠቅሱት ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ለወደቁት መሥዋዕት እንዲቀርብ ብር ወደ ኢየሩሳሌም መላኩን የሚተርከውን የግሪኩን ሁለተኛ መቃብያን ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ግን በስም ካልሆነ በይዘት ከግሪኮቹ ጋር አይገናኙም፤ የትንሣኤ ሙታንን ነገር አጥብቀው ያስተምራሉ እንጂ ያን ታሪክ አይተርኩም። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሙታን ጸሎት የተተከለው ስለ ብርና ስለ መሥዋዕት በሚናገረው በዚያ ጥቅስ ላይ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ወንድን በ40፣ ሴትን በ80 ቀን ታጠምቃለች። በሰልስት ጀምሮ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለትና በሠላሳ የሚቀጥለው የሙታን መታሰቢያም ዋና ማረፊያው አርባና ሰማንያ ነው። አርባው በተለምዶ ከጌታ ዕርገት ጋር እየተያያዘ እንደሚተረጎም አይዘነጋም። ያም ሆኖ በልደት በኩል ያለው ቁጥር በሞት በኩል መደገሙ ሥርዓቱ ሞትን እንደ ሁለተኛ መግቢያ ይቆጥረዋል ለሚለው ንባብ በቂ ፍንጭ ይሰጣል። የሚገባ ሰው አጃቢ ይሻል፤ ማጀብና መክፈል ደግሞ አንድ አይደሉም።

የዋጋው አስተሳሰብ በትምህርት መልክ የተደራጀው በላቲን ቤተ ክርስቲያን ነው። የመንጻት ሥፍራ ትምህርት በ1274 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የሊዮን ጉባኤ፣ በ1439 በፍሎረንስ፣ በ1563 በትሬንት ጸና። በዚህ ትምህርት መሠረት በይቅርታ ከሞቱት ወገን ሙሉ በሙሉ ያልነጹት ቀሪውን ቅጣት ይቀበላሉ፤ የሕያዋን ጸሎትና ምጽዋት ያን ያቃልላል። ግሪኮች በፍሎረንሱ ጉባኤ የሚያነጻ እሳት የሚባለውን አጥብቀው ሲቃወሙ ለሙታን መጸለይን ግን አልተዉም። የኢትዮጵያም ትውፊት እንዲህ ነው፤ ይጸልያል፣ የቅጣት ሒሳብ ግን አያሰላም። ለዚህ ትልቁ ምስክር ቅዳሴው ነው። በጥንታውያኑ የምሥራቅ ቅዳሴያት፣ ለምሳሌ በዮሐንስ አፈወርቅ ስም በሚጠራው የግሪኮች ቅዳሴ፣ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ስለ ነቢያት፣ ስለ ሐዋርያት፣ ስለ ሰማዕታት፣ ስለ እመቤታችንም ጭምር ነው። የኢትዮጵያ ቅዳሴም ቅዱሳኑንና ያረፉትን ምእመናን በአንድ መታሰቢያ ያገናኛቸዋል። ጸሎት የቅጣት ማቃለያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅጣት የሌለባቸውን ቅዱሳን በዚያ ማንሣት ትርጉም አይኖረውም ነበር። ትርጉም የሚኖረው መታሰቢያው የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሕያዋንና ሙታን በአንድ ማዕድ መገናኘታቸው ሲሆን ብቻ ነው።

ሥርዓቱንም ቀረብ ብለን ብናየው ይህንኑ ይመሰክራል። አስከሬኑ ታጥቦ ይገነዛል። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገዱ በሰባት ምዕራፍ ተከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሬሳው ወርዶ ካህናቱ ከመጽሐፈ ግንዘት የተመደበውን ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ ለሙት የሚደረግ ነው ብለን እንዳንዘጋው ግን ሁለት ልማዶች ይከለክሉናል። አንደኛው ሥርዓተ ምንኵስና ነው፤ መነኩሴው ለዓለም ሙት ነውና ሲመነኵስ እንደ ሙት ተቆጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል። ሁለተኛው የቁም ተዝካር ነው፤ ወራሽ የሌለው ወይም የወራሹን ነገር ያላመነ ሰው በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ያወጣል። የሙት ጸሎት በሕያው ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ተዝካርም ሳይሞቱ የሚወጣ ከሆነ፣ የሥርዓቱ ቁም ነገር ሟቹ ከሄደ በኋላ የሚደረግ የክፍያ ዝውውር ነው ለማለት ያስቸግራል።

የተአምረ ማርያሙ በላዔ ሰብእም ከዚህ ውጭ ሊነበብ አይገባውም። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ይህ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው የተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ ያጠጣል፤ ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ የበላቸው ሰዎች በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውኃ በሌላ ወገን ይሆናሉ። በሥዕል የምናየው ሚዛን ዋናው ነገር ይመስላል። ታሪኩ ግን ሚዛኑን የሚያመጣው ሊሽረው ነው። ጥርኝ ውኃ ሰባ ስምንት ነፍስ እንደማይመዝን ሰሚው ሁሉ ያውቃል፤ ሚዛኑ የሚደፋው እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት፣ ማለትም በኪዳኗ ነው። ታሪኩ በዋጋ ቢነበብ ፍትሕን የሚያፋልስ ይሆናል፤ በኪዳን ሲነበብ ግን ሰውየው ከሰው ወገን የቀረለት አንድ ክር ያችው ጥርኝ ውኃ እንደ ሆነች ይናገራል። በየዓመቱ የካቲት 16 የሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል የሚሰብከውም ይህን ነው።

ይህን ንባብ የሚገጥሙት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ከመጽሐፍ የሚነሣ ሲሆን በወንጌላውያን ክርስቲያኖች ዘንድ የታወቀ ነው። የዕብራውያን መልእክት ለሰው አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያም ፍርድ ተመድቦበታል ይላል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16ም በባለጠጋውና በአልዓዛር መካከል የማይሻገሩት ገደል አለ። ሆኖም የዕብራውያኑ ቃል ከሞት በኋላ ፍርድ መኖሩን ያጸናል እንጂ በሁለቱ መካከል ዘመን የለም አይልም፤ እንዲያውም ቀጥሎ የሚናገረው ስለ ዳግም መገለጥ ነው። የሉቃሱ ምሳሌ የበለጠ ይከብዳል፤ ባለጠጋው ጠይቆ ተከልክሏልና። የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይህን ክብደት አልሸሹትም። አውግስጢኖስ፣ እናቱ ሞኒካ በመሠዊያው ፊት አስቡኝ ብላ መለመኗን የመዘገበው እሱ ራሱ፣ የሙታን ጸሎት የሚጠቅመው በሕይወት ሳሉ ለመጠቀም በሚያበቃ መንገድ ለኖሩት ብቻ እንደ ሆነ አስተምሯል። የዋጋውን አስተሳሰብ ከሥሩ የሚቆርጠው ይህ ነው። ጸሎት ሟቹ ያልኖረውን ሕይወት አይፈጥርለትም፤ በኖረበት አንድነት ውስጥ ግን አይተወውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከትውፊቱ ውስጥ የሚነሣ ነው። ልፋፈ ጽድቅ ከሬሳ ጋር የሚቀበር ጽሑፍ ነው። ዎሊስ በጅ በ1929 እ.ኤ.አ. ሲያሳትመው የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ ብሎ ከጥንት ግብጽ ጋር አስተያይቶታል። በትረካው እመቤታችን የኃጥአንን ሥቃይ አይታ ለዘመዶቿ ትፈራለች፤ ልጇን ለምናም የተሠወሩ አስማት ያሉበትን መጽሐፍ ትቀበላለች። ጭንቀቷ ስለ ዘመዶቿ መሆኑ አሁንም የአንድነት ምልክት ነው። ይሁንና ጽሑፉ የያዘኝ ሁሉ በሰማይ በሮች ያልፋል ሲል ከኪዳን ወደ ማለፊያ ወረቀት መሸጋገሩን መካድ አይቻልም። በ1517 ሉተርን ካስነሣው ከምዕራባዊው የኃጢአት ስርየት ወረቀት ሽያጭ ጋር መመሳሰሉም አይቀርም። ስለዚህ የዋጋው አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ ባዕድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በአገር ቤትም በቅሎ አድጓል። ነገር ግን ልፋፈ ጽድቅ ከቀኖና መጻሕፍት ያልተቈጠረ፣ በቅዳሴ ቦታ የሌለው መሆኑ ይመዘን። ትውፊት ሲመረመር ጓዳ ውስጥ የተያዘው ከአደባባዩ ጋር እኩል አይፈርድም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው ይመስለኛል። ባለጠጋ በሬ አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ካህናት ሰብስቦ ተዝካር ያወጣል። ዘመድ የሌለው ድኻ ግን በእድር ከተቀበረ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ተዝካር ዋጋ ከሆነ እግዚአብሔር ለባለ ብር ያዳላል ማለት ነው፤ ይህን የሚቀበል ክርስቲያን ሊኖር አይገባም። ተዝካር የአንድነት ሥርዓት ከሆነ ግን ተቃውሞው ይገለበጣል፤ ዘመድ የሌለው ሟች የቤተ ክርስቲያን ሁሉ ዘመድ ነውና በየቅዳሴው መታሰቡ ለባለጠጋው ከሚደረገው አያንስም። የድግሱም ትልቅነት ለነፍስ የሚጨምረው አንዳች የለም። ተበድሮ የሚደግስ ቤተሰብ ሟቹን አልረዳውም፤ ዕዳውን በልጆቹ ላይ ጫነበት እንጂ። ነዳያን በበር ቆመው የተከበሩ እንግዶች በድንኳን የሚበሉበት ተዝካርም በስሙ ካልሆነ ተዝካር ሊባል አይገባውም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዚህ አዲስ ትምህርት መፍጠር አያስፈልጋትም፤ ያላትን ማጥራት ብቻ ይበቃታል። በየደብሩ የሚያስተምሩ መምህራን፣ በየእድሩ የሚወስኑ ሽማግሌዎች ለሐዘንተኛው ይህን በግልጽ ይንገሩት፦ ጸሎቱን አያስታጕል፣ ድግሱን ያሳንስ፣ ያለውንም ለተራበው ያብላ፤ ባይኖረውም ሟቹ ምንም አይጎድልበትም።