«ሼክ» ስንት ነው?

በጥቅምት መተማ ላይ የሰሊጥ አጫጅ ከፀሐይ ጋር ይሽቀዳደማል። ሰሊጥ ሲደርቅ ፍሬ መያዣው ራሱ ይከፈታል፤ የዘገየ ገበሬ ሰብሉን መሬት ላይ ፈስሶ ያገኘዋል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይታጨዳል፣ ነዶው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ይገለበጥና ይራገፋል።

ይህን ማራገፍ እንግሊዝኛው «ሼክ» ይለዋል። ወባ የያዘው የቀን ሠራተኛ ሲንቀጠቀጥም «ሼክ» ነው። ለልጇ ሽሮፕ የምትበጠብጥ እናት፣ ዋጋው አልጥም ብሎት ራሱን የሚነቀንቅ ነጋዴ፣ ኋላ ተስማምቶ ከድንበር ማዶ ከገላባት ከመጣ ሰው ጋር የሚጨባበጠውም ያው ነጋዴ፣ ሁሉም «ሼክ» ላይ ናቸው።

እንዲህ ያለውን ቃል የሚፈታ መዝገበ ቃላት አማርኛዎቹን በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ ሊያልፍ ይችላል። ተማሪው ከረድፉ የመጀመሪያውን ያነሳና «የእንግዳውን እጅ ነቀነቀ» ብሎ ይጽፋል። ጥፋቱ የልጁ አይመስለኝም።

በ1973 እ.ኤ.አ. ቪስባደን ላይ የታተመው የወልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ግን በአርእስቱ «ኮንቴክስት» (አውድ) የሚለውን ቃል የያዘው በከንቱ አይደለም። ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ፣ ከጎኑ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ያኖራል። ማን፣ ምኑን፣ የት እንዳደረገው ከታየ በኋላ ትክክለኛው ግስ ራሱ ይመጣል። በዚያው ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላትም በኦክስፎርድ በኩል ወጥቷል፤ ለተማሪ እጅ የሚመች፣ የተከበረ ሥራ ነው። ዓይኔ የሚቀረው ግን በሌስላው ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። በ1906 ፖላንድ ውስጥ ተወልዶ በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን የረገጠው ይህ ሰው፣ ጥቂት ተናጋሪዎች ብቻ ቀርተውት የነበረውን ጋፋትኛ ከአፋቸው የመዘገበ ነው። ቃል ያለ ተናጋሪው እንደማይኖር ጆሮው ያውቅ ነበር።

እስቲ ግሶቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። እንግሊዝኛው የሚያየው ወዲያ ወዲህ ማለቱን ነው፤ አማርኛው የሚያየው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን። ማራገፍ የተጣበቀውን ማውረድ ነው፤ ሰሊጥም ቢሆን አቧራም ቢሆን። መበጥበጥ የዘቀጠውን ማዋሐድ ነው። መንቀጥቀጥ ውስጥ «ቀጥ፣ ቀጥ» እየተደጋገመ ይሰማል፤ አካሉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሲርድ ቃሉም አብሮ ይርዳል። ከሁሉ የሚያስገርመኝ መጨባበጥ ነው። እንቅስቃሴው ጨርሶ ቀርቶ መያዙ ብቻ ቀረ፤ «ተጨባበጠ» ሲባል «ተ» እና የተደገመችው «ባ» ሁለት ሰዎችን አስገቡበት። ይህን በነጠላ ሰረዝ መካከል ማሳየት አይቻልም። ሁለቱ ሰዎች የቆሙበት ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል።

«ካሪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም እንዲሁ ነው፦ ኩንታሉን ተሸከመ፣ ልጇን አዘለች፣ ጠመንጃውን አነገተ። ሦስቱንም በመተማ መንገድ ላይ በአንድ ጠዋት ማየት ይቻላል።

በሌስላው አሠራር ለ«ሼክ» ከቆላው አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ደብተሬ ላይ አኑሬአለሁ፦ «የደረቀውን ነዶ ገልብጦ ሸራው ላይ አራገፈው።» ነዶው አለ፣ ሸራው አለ። ማንም «ነቀነቀው» ብሎ አያነበውም።