የሠራተኛ ትጋት ከየት ይመነጫል?

ኤልተን ሜዮ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በቺካጎ አጠገብ በሐውቶርን ፋብሪካ የተደረገውን ጥናት ይዞ፥ ሠራተኛን የሚያተጋው ከደመወዙ ይልቅ የባልደረቦቹ ኅብረትና የአለቃው አሳቢነት ነው ወደሚል አሳብ ያዘነብላል። አሌክስ ኬሪ ግን በ1967 ያንኑ ጥናት መርምሮ፥ የገንዘቡ ማትጊያ ያለ አግባብ ተንቋል ሲል ነቅፎታል።

እኛ ደግሞ ከቦሬ ደጋ ወደ ቦረና ቆላ ወርደን ክርክሩን በዱብሉቅ የቱላ ኤላዎች ብንመዝነው ይጠቅማል። በዚያ ሰዎች ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ አፋፉ በደረጃ ቆመው፥ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፥ በዜማ ውሃ ያወጣሉ። ላይ ላዩን ለሚያይ ትጋቱ ከዜማው የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ውሃውን የሚጠጣው የቀጂዎቹና የወገኖቻቸው ከብት ነው፤ የማጠጫውንም ተራ አባ ሄሬጋ የተባለው ኀላፊ ያስከብራል። ዜማው እጅን ያስማማል እንጂ የድርሻን ቦታ አይተካም።

እንግዲህ ኅብረት ኀይል እንዳለው ከሜዮ ጋር እንስማማለን፤ የአሳቡ ጉድለት ድርሻን ከኅብረት በታች ማስቀመጡ ነው። የመሥሪያ ቤት ልማድ በግብዣና በመፈክር ይታደሳል የሚል ሁሉ፥ አስቀድሞ «ከወጣው ውሃ ለቀጂው ምን ይደርሰዋል?» ብሎ ይጠይቅ።