ሰባቱ አማካሪዎችና ስምንተኛው ሰው

የቀድሞ ዘመን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁለት ዐይን ያስፈልገዋል፤ አንዱ የተነገረውን ለማየት፣ ሁለተኛውም ሳይነገር የቀረውን ለመፈለግ ነው። እኔ ስለ ካፋ መንግሥት ብዙ ጊዜ በአንድ ዐይኔ ብቻ ሳነብ መኖሬን ያወቅሁት ቢታ ገነት በነበርሁበት ጊዜ ነው።

በአንድ የለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሽማግሌዎች የጥንቱን ሥርዐት በኵራት ያስረዱኝ ነበር። ኵራታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የሚንጆ ጐሣ ነገሥታት፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ከ14ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ዘምተው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረኩ ድረስ አገሩን ገዝተዋል። ታቶ ማለት ንጉሥ ነው፤ ነገር ግን እንዳሻው የሚፈልጥ የሚቈርጥ አልነበረም። ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩትና ያለ እነርሱ ምክር ታላቅ ነገር አይቈረጥም ነበር። በሃይማኖትም በኩል ኤቆ የተባለው መንፈስ ያደረበት አላሞ ይከበር ነበር፤ በዚያው አገር ደግሞ የክርስቲያን መሠዊያ ነበረ።

እኔም ይህን ስሰማ በልቤ፦ «እነሆ፣ እኛም የንጉሥን ሥልጣን በምክር የሚወስን ሥርዐት ነበረን» ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ዐይኔ ወደ ደጅ ሄደ። አንድ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ ከአጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ ለሌላው በሳሕን ሲቀርብ ለእርሱ በኮባ ቅጠል ቀረበለት። ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ፦ «እርሱማ ማንጆ ነው» አሉኝ፤ ወዲያውም ወደ ሰባቱ አማካሪዎች ወሬ ተመለሱ።

ሚንጆና ማንጆ! በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ናቸው፤ አንደኛው ዙፋን ሲወርስ ሁለተኛው ንቀትን ወረሰ። ማንጆዎች የዱር አዳኞች ነበሩ፤ የአገሪቱን በሮች ይጠብቁ ነበር። ጠላት እንዳይገባ የመንግሥቱን በር የጠበቀ ሰው በባልንጀራው ቤት በር እንዳይገባ ተከለከለ። «ርኵስ ይበላል» ተብሎ ከማዕድ ተለየ፤ ጋብቻም ተነፈገ።

ነቀፌታዬ እንግዲህ በጥንቶቹ ላይ አይደለም፤ ጥንቱን በምናወሳው በእኛ ላይ ነው። ስለ ሰባቱ አማካሪዎች ስንጽፍ ብራናው አይበቃንም፤ ስለ ስምንተኛው ሰው ግን ቀለማችን ይደርቃል። ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እንግሊዞች በ1215 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ንጉሣቸውን በጽሑፍ ባሰሩበት ቃል ኪዳን ይመካሉ፤ ሆኖም ያ ቃል ኪዳን ከሁሉ ይልቅ የጠበቀው «ነጻ ሰው» የተባለውን ነው፤ ለጌታው መሬት የታሰረው ብዙው ገበሬ ግን ከዚህ ስም ውጭ ነበረ።

ምናልባት አንባቢዬ፦ «ያለፈውን ዘመን በዛሬ ሚዛን መመዘን አይገባም» ይለኝ ይሆናል። መልካም፤ እኔም የሞቱትን አልመዝንም። ነገር ግን ያ የኮባ ቅጠል ከዛፉ የተቈረጠው በዚያው ጧት ነበር። የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የመሬትን ጌትነት ሽሮታል፤ የልብን ጌትነት ግን ዐዋጅ ብቻውን አይሽረውም። በ1994 ዓ.ም. በካፋ በማንጆና በጎረቤቶቹ መካከል ጠብ ተነሥቶ ደም መፍሰሱ የዚህ ምስክር ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ምክር፣ ክብር፣ ሃይማኖት የሚሉትን ያረጁ ቃላት ስታነብ «ይህ ቃል ማንን በደጅ አስቀረ?» ብለህ ጠይቅ። ምክር ምክር የሚሆነው የሚመከርበትም ሰው ሲቀመጥበት ነው።

በዚያ ቀን ተነሥቼ ከዚያ ሰው አጠገብ መቀመጥ ይገባኝ ነበር። አልተነሣሁም፤ ሳሕኔን ይዤ ከሽማግሌዎቹ ጋር በላሁ። ይህን የጻፍሁት ለዚህ ነው።